የሰርጌ ቅቤና የካሚዮኑ ፍሬን

ሴት ባሏን የት እንዳገኘችው ሲጠይቋት በገበያ ትላለች፣ በሰርግ ቤት ትላለች፣ ለቅሶ ቤት ያገኘችም አውቃለሁ። የኔ ግን በፍሬን ዘይት ነው። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ይሳቁ። እኔም ያን ሰሞን ስስቅ ነው የከረምኩት። እንስራ አዝዬ እስቃለሁ፣ እህል እየፈጨሁ እስቃለሁ፣ አንዴማ ቅዳሴ መሀል ፈነዳሁና አጠገቤ የቆሙ ባልቴት በክርናቸው ጎኔን ደቆሱኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቤታችን አምበር፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው መንገድ ዳር ነበር። እንዲያውም መንገዱ ነው እኛ ዳር የመጣው፤ ጣሊያን ሲያሠራው የጓሯችንን ጥግ በልቶ አለፈ። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ ያለነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ በቅሎ ገርተው ይሸጣሉ፣ እኔ አረቄ አወጣለሁ። ከቤታችን የሚወጣው ሽታ ሁለት ነው፤ አንዱ የኔ አረቄ፣ ሌላው አባቴ ልጓምና ኮርቻ የሚያለሰልሱበት የጉሎ ዘይት። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

አባቴ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዷት አንዲት ሰጋር በቅሎ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ከደጃችን ፊት ለፊት መንገዱን ሊያሻግሯት ልጓሟን ይዘው ሲስቡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት አንድ የወታደር ካሚዮን እየተንደረደረ ወርዶ ከእጃቸው ላይ ወሰዳት። ልጓሙ ብቻ እጃቸው ላይ ቀረ። ፈረንጁ ነጂ ዞር ብሎም አላየ። አባቴ ግን ሰውየውን አልረገሙትም። ምን ያድርግ፣ የተቀመጠበት ነገር መቆሚያ አልተሠራለትም አሉና ልጓሙን ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። እንዲያውም ያዝኑለት ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጦ መዋል ምን ዓይነት ኑሮ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሚዮን ማለት ለእሳቸው ልጓም የሌለው አውሬ ነው፤ አንዴ ከተነሣ የሚያቆመው የሚመታው ነገር ብቻ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ ያስተምሩ ነበር፣ ጎረቤቱም እኔም አምነን ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ካሉ ሰው ቤት ተቀምጬ ነው የካሚዮን ነጂ የወደድኩት። አይ እኔ።

የአንድ ዓረብ ነጋዴ ካሚዮን እየነዳ ጨውና አቡጀዲ ወደ ደብረ ማርቆስ ያመላልስ ነበር። አርበኞቹ ጫካውን ስለያዙት መኪኖቹ የሚሄዱት ቀን ቀን፣ በወታደር ታጅበው፣ ተከታትለው ነው። የሱ አሮጌ ስለነበረች ሁልጊዜ ከኋላ ናት። መጀመሪያ ቀን ከደጃችን ቆሞ ውሃ ለመነኝ። ጽዋ ሞልቼ ስወጣለት፣ ለኔ አይደለም ለሷ ነው አለና የካሚዮኑን አፍንጫ አሳየኝ። አንድ ቅል ሙሉ አፈሰሰላት፣ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። እኔ መሳቅ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያቺ መኪና እኛ ደጃፍ ስትደርስ ሁልጊዜ ይጠማታል። ወንዝ ተሻግራ ጎማዋ ገና ሳይደርቅ እንኳ ይጠማታል። ይህን ብነግረው የወንዝ ውሃ አይስማማትም አለኝ፤ ሲናገር ፊቱ አንድም ጊዜ ፈገግ አይልም፣ እኔ ግን በሩን ይዤ እወድቃለሁ።

በጥቅምት ወር ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። እንደ ደንቡ ደጅ ቆሙ፤ ግቡ ሲባሉ አንገባም፣ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። አባቴ የልጁን አገር ጠየቁ፤ መርጡለ ማርያም ነው፣ የጨዋ ልጅ ነው ተባሉ። ሥራውን ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ካሚዮን ይነዳል አሏቸው። አባቴ ወደ ቤት ገቡ፣ ከምሰሶው ላይ ያን ልጓም አውርደው ይዘው ወጡ።

«ሰኞ ጠዋት ያን ነገሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ራስ ላይ ይዞት ይውረድ» አሉ። «እኔ በቅሎዬ በሞተችበት ቦታ መንገዱ መሀል እቆማለሁ። እኔ ጋ ሳይደርስ ካቆመው ልጄን ይውሰድ። ካላቆመው እኔም የለሁ፣ ሰርግም የለም።»

ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ መስቀል ይሁንብዎ አሉ፣ ወይ ፍንክች። ቀልድ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። አባቴ እቆማለሁ ካሉ ይቆማሉ፤ ሸሽተው ዘወር የሚሉ ሰው አይደሉም።

ነገሩን ለነጂዬ የነገርኩት በማግስቱ ቅዳሜ ነው። አባቴ ገበያ ወጥተዋል፤ እሱ ካሚዮኑን ደጃፋችን አቁሞ ከሥሯ ተጋድሟል፣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ለእግሩ ነገርኩት። ከዚያ ወጣና ትቆማለች፣ ችግሩ ግን ዛሬ አትቆምም አለኝ። በጉዞ ላይ ድንጋይ ተወርውሮ ከኋላ ጎማ አጠገብ ያለችውን ቀጭን ቱቦ ቀዷት፣ የፍሬኑ ዘይት መንገድ ለመንገድ ሲፈስ መጥቷል። ቱቦዋን ጠግኗታል፣ ዘይት ግን የለውም። የተንጠባጠበውን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት።

«ይሄ እኮ የአባቴ ጉሎ ነው» አልኩት። «አረቄም አለበት።»

ሳቀብኝ። ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ዘይት ነው፣ የፈረንጅ ብልሃት ነው አለ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ሲስቅ ካየሁት ለምን እከራከራለሁ። ይልቅ ዘይት እንዴት ብረት ያቆማል ብዬ ጠየቅኩት። ተነሥቶ ጎጆዬ ገባና አረቄ ከማወርድበት መቃ አንዱን አነሣ፤ ውሃ ሞላበት፣ አንዱን ጫፍ በመዳፌ አስደፈነኝ፣ በሌላው ጫፍ ጨርቅ ጠቅጥቆ በእንጨት ገፋው። እንደገፋው በዚያው ቅጽበት መዳፌን ገፋኝ። ውሃ ቢጨምቁት አያንስም፣ ሲገፉት የሚያደርገው ቢያጣ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ይገፋል አለኝ። እግሬ የመኪናዋን መርገጫ ስትረግጥ ዘይቱን ትገፋለች፣ ዘይቱ በቱቦው ሄዶ አራቱንም ጎማ እኩል ይደርሳል፣ እዚያ ጎማው ውስጥ ጫማ የሚሉት ሁለት ቁራጭ ብረት አለ፣ ያን ገፍቶ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ያጣብቀዋል። እዚህ እግሬ ስንዝር ትወርዳለች፣ እዚያ ጫማው የሚሄደው የጥፍር ውፍረት ያህል ነው፤ መንገዱ ያጠረውን ያህል ጉልበቱ ይበዛል። ከዚያ መቃውን በግማሽ አጎደለና እንደገና ገፋ፤ መዳፌ ምንም አልተሰማትም። ይሄ አየር ነው አለ፣ አየር ይጨመቃል፣ አየር ከገባ እግሬ ወለል ትነካለች እንጂ መኪናው አይሰማም። እኔም አረቄ ስለማወጣ ይህ አልጠፋኝም፤ ጋኑና መቃው የሚገናኙበት በሊጥ ካልተመረገ ጉልበቱ ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው። ገብቶኛል፣ ግን አልገባኝም እንደገና አሳየኝ አልኩት። አምስት ጊዜ አሳየኝ።

ካሚዮኗን እኛ ደጅ ትቶ ዘይት ሊለምን ከሌላ ነጂ ጋር ተሳፍሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ሲሄድ ዘይቱ የሚሞላበትን ዕቃ ክዳን አሳይቶኛል። አሁን የኔን ጉድ ስሙ። ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ጉሎ እንደሆነ ልቤ አውቆታል። የአባቴ ጉሎ በቀንድ ሞልቶ ምሰሶው ሥር ተቀምጧል። ግን ጉሎ ለኮርቻ ነው፣ ለምጣድ ማሰሻ ነው፤ ለሚወዱት ሰው ይሰጣል እንዴ? ለሚወዱት ሰው ቅቤ ነው የሚሰጠው። ራሱን ቢያመው ቅቤ፣ ቢቆስል ቅቤ፣ እንግዳ ሆኖ ቢመጣ ቅቤ። ለሰርጌ ብዬ በቅል ያጠራቀምኩት ለጋ ቅቤ ነበረኝ። አቀለጥኩት፣ በነጠላዬ ጫፍ አጠለልኩት፣ ወርቅ መሰለ። ክዳኑን ከፍቼ ሞላሁላት። እየሞላሁ እየሳቅኩ።

እሑድ ከሰዓት ባዶ እጁን ተመለሰ። የጣሊያኖቹ ጋራዥ ሰዎች እንኳን ዘይት ሊሰጡት ከበር በእርግጫ ነው የመለሱት። ፊቱ አመድ መስሎ ሲያየኝ፣ አንድ አላፊ ነጂ ጠርሙስ ዘይት ሰጠኝና ሞላሁት አልኩት። ቅቤ ነው ብዬ ብነግረው ይስቅብኛል፣ ወይም ያፈስሰዋል ብዬ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ዘሎ ሊያቅፈኝ ደርሶ በአጥሩ ላይ የጎረቤት ዓይን አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አየሩን ማስወጣት አለብን አለ። ስፑርጎ ይሉታል። ለዚህ አንድ ሰው አይበቃም፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከጎማው ኋላ ያለችውን ብሎን ይፈታል። እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ከሥር ሆኖ እርገጪ ይላል፣ እረግጣለሁ፤ ያዢ ይላል፣ እይዛለሁ፤ ብሎኑን ሲፈታ ፕስስ ብሎ አየሩ ይወጣል፣ እግሬ ትሰምጣለች፤ ብሎኑን አጥብቆ ልቀቂ ይላል። የሰው ልብ እንደዚያ ሲዘል አላውቅም። አንድ ጊዜ ከሥር ቅቤ ቅቤ ይሸተኛል አለ።

«ጠጉሬ ነው» አልኩት። በእርግጥም ያን ቀን ተቀብቼ ነበር። አመነኝ።

አራቱን ጎማ ስንጨርስ መርገጫው ጠንክሮ እምቢ አለ፤ እሱም እፎይ አለ፣ እኔም ሰርጌ ዛሬ የደረሰ ያህል በደስታ ሰክሬ አደርኩ።

ሰኞ ማለዳ የጥቅምት ብርድ አጥንት ይበሳ ነበር። ሞተሩን በእጅ በሚዞረው ብረት፣ በማኑቬላ፣ አስነሥቶ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ካሚዮኗ ባዶዋን ሆና ሁለት ጭነት የተሸከመች ያህል ታጓራለች፣ በኤሊ እርምጃ ትሳባለች። ብርዱ ነው አልን። አባቴ ልጓሙን ይዘው መንገዱ መሀል ቆመዋል። ምልክቱ ልጓሙ ነው፤ ከፍ ሲያደርጉት ነጂዬ ይለቃል። ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው ቆመዋል።

ያኔ ውሻችንን አየሁት። ካሚዮኗ ያደረችበት ቦታ ላይ፣ የኋላ ጎማዋ ከነበረበት፣ መሬቱን ይልሳል። ይልሳል ብቻ አይደለም፣ ጭራውን እየቆላ ነው። ቀርቤ ባየው ነጭ ጓል ነው። ነካሁት፤ የኔ ቅቤ ነው፣ በብርዱ ረግቷል። መሬት ላይ እንዲህ ከረጋ ቱቦው ውስጥም ረግቷል ማለት ነው፤ እንዲህ የፈሰሰ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው። ትላንት እግሬን እምቢ ያለኝ ነገር ዛሬ ምን እንደሚል ማን ያውቃል። አባቴ ደግሞ እዚያ ቆመዋል።

ሮጥኩ። ነጠላዬ ወደቀ፣ አላነሣሁትም። አባቴን ሳልፍ፣ አባባ ልጓሙን እንዳያነሡ ብዬ ጮህኩ፤ መልሳቸውን አልጠበቅኩም። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፣ ካሚዮኗ አፍንጫ ላይ ሁለት እጄን ለጥፌ ራሴን አገኘሁት። እሱ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ውስጧ ያለው ቅቤ ነው» አልኩት።

«የምን ቅቤ?»

«የሰርጋችን።»

ወረደ። ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠ። ብሎኑን ሲፈታ መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ቆይቶ እንደ ትል ቀጭን ቢጫ ነገር እየተጠማዘዘ ወጣ። ብሎኑን አጥብቆ ተመለሰና መርገጫውን ረገጠ፤ ሽቅብ ሲወጣ በረጋው ቅቤ የተያዙት ሌሎቹ ጎማዎች ሲፋተጉ ግለው አቅልጠው አፍስሰውት ኖሮ፣ እግሩ ሳይንገራገር ወለል ድረስ ወረደች። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠና ወደ ታች፣ መንገዱ መሀል ወደ ቆሙት አባቴ ተመለከተ። እኔም ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ ካባቴና ካንተ ማንን ቀድሜ ልገድል ነበር እያልኩ አለቀስኩ።

አባቴ ቀስ ብለው ወጡ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቅሉን፣ ነጠላዬን፣ ጠጉሬን። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው ውስጥ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አባቴ ግን አልሳቁም። ነጂዬ ከጎማው ውስጥ አውጥቶ የያዛትን ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የምትይዘውን ክብ ላስቲክ፣ ተቀበሉት። በሁለት ጣታቸው ጨመቋት፤ አብጣ ልፍስፍስ ብላለች።

«ጠፍር በቅቤ አይቀባም» አሉኝ፣ እጅግ ተቆጥተው። «ያብጣል፣ ይበሰብሳል። ስንት ዓመት ሙሉ ጉሎ ስቀባ አላየሽም? እኔ ቤት ነው ያደግሽው ወይስ ሌላ?»

ሊሞቱ ስለመድረሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። የተቆጡት ስለ ጠፍሩ ነው። ዕንባዬን ሳልጠርግ ሳቄ መጣ፤ እኔም ይኼው ጉሎ ነው ብዬው ነበር፣ ጉሎና አረቄ ነው የሚሸተው አልኳቸው። ከፈሰሰው ዘይት ጥቂት በጨርቅ ላይ ቀርቶ ነበርና አሸተቱት። ቁልቁል ወደ ቤት ወረዱ። ሲመለሱ የጉሎውን ቀንድ በአንድ እጃቸው፣ የኔን የዳግም አረቄ ጠርሙስ በሌላው ይዘዋል።

በትንባሆ ቆርቆሮ ያስቀመጣቸው ትርፍ ጎሚኒዎች ነበሩት፤ ቀየራቸው። ቱቦውን ሁሉ በአረቄ አጠብነው። አረቄው በጎማ ሥር ሲፈስ አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ፤ ለለቅሶ የቆሙ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ጉሎና አረቄ ቀላቅለን ሞላን። አሁን ስፑርጎ ነው፤ እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ እንዳይጎድል እጨምራለሁ፣ ታዲያ ማን ይርገጥ? ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አባቴ ልጓሙን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጥተው ተቀመጡ።

ከሥር ይርገጡ ይላቸዋል፣ ይረግጣሉ። ይያዙ ይላቸዋል፣ ይይዛሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ማንም አዟቸው የማያውቅ ሰው፣ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ለሚታይ ልጅ ይታዘዛሉ። እኔ ቀንዱን ይዤ ከንፈሬን ነክሻለሁ። መጀመሪያ እግራቸው ባዶ ወረደች። ሁለተኛው ጎማ ላይ ትንሽ ያዘች። አራተኛው ላይ ድንገት ቀና አሉ።

«መለሰችልኝ» አሉ።

ምን መለሰች ብላቸው፣ ልጓም ስትስቢ በቅሎ አፏን ስትሰጥሽ የሚሰማሽ ነዋ አሉኝ። አራቱም ጎማ እኩል ይሰማል ወይ ብለው ጠየቁት፤ እኩል ነው አላቸው። ለግራና ቀኝ የተለያየ ልጓም አይደለም ማለት ነው አሉ። ነጂዬ ጨረስን፣ በቃ ይውረዱ ቢላቸውም አልወረዱም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደጋግመው ረገጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር በቅሎዋ ከሞተች ወዲህ አላየሁትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከራት፣ ሦስቴም ቀጥ አለች። ይበቃል ብንላቸው አባቴ እምቢ አሉ፤ ቃሌ ቃል ነው ብለው ወርደው በቅሎዋ በሞተችበት ቦታ ቆሙ። ልጓሙን አነሡ። ካሚዮኗ ወረደች። በእውነት ነው የምላችሁ፣ በመምጣቷ ፍጥነት እኔ አፈር ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ አራቱም ጎማ ጮኸ፣ አቧራው ተነሥቶ ሁለቱንም ሸፈናቸው።

አቧራው ሲገለጥ ከአባቴ እስከ ካሚዮኗ አፍንጫ ሦስት እርምጃ ነበር። አባቴ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። እኛ እልል ብለን እየሮጥን ስንደርስ እሳቸው ሦስቱን እርምጃ ተራምደው እጃቸውን አፍንጫዋ ላይ አድርገዋል። እሱ ወርዶ አጠገባቸው ቆመ። እልልታችን አፋችን ላይ የቀረው በጠየቁት ነገር ነው።

«በቅሎዬን የገደላት ካሚዮን ይሄ መርገጫ አልነበረውም?»

ነጂዬ ወደ እኔ አየ። ዋሽቶ አልነበረውም ቢል ምን አለበት ብዬ በልቤ ለመንኩት። አልዋሸም።

«ነበረው» አላቸው። «የወታደሮቹ ሁሉ አላቸው፤ ከዚህ የሚሻል።»

«ታዲያ?»

«አልረገጠውም፣ አባቴ።»

አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዝኑለት የኖሩትን ሰው እያሰቡ እንደነበር ከዓይናቸው አይቻለሁ። ከዚያ የያዙትን ልጓም በካሚዮኗ አፍንጫ ላይ አንጠለጠሉት።

«በል ውሰዳት» አሉት። «አንተ ትረግጣለህ።»

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ መንገዱ ዳር ሣር ላይ፣ ከጠርሙሱ የተረፈውን አረቄ መሀላቸው አድርገው። ሰርጋችን በጥር ሆነ፣ ለወጡ የሚሆን ቅቤ ከጎረቤት ተለምኖ ነው የተገኘው። አባቴም ከዚያ በኋላ ከባሌ ጎን ተቀምጠው ስንት ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሄዱ፤ ቁልቁለት በደረሱ ቁጥር ግን ቀኝ እግራቸው ባዶውን ወለል ጥብቅ አድርጎ ይረግጥ ነበር።